ሽንኩርት ከእስያ ታላላቅ ተራሮች እስከ ባሌ ደጋ፤ በእጅ ብቻ ስለሚተላለፍ ተክል ታሪክ

፩ መግቢያ

የአገራችንን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት የነገሥታትን ዜና መዋዕል፥ የገዳማትን ብራና፥ የድንጋይ ላይ ጽሕፈትንና የመንገደኞችን ማስታወሻ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪክን በዚህ መንገድ ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ፥ የተጻፈ ነገር በብዛት ወዳልተገኘበት አገር በደረሰ ጊዜ፥ ብራና የሌለው ሕዝብ ታሪክም የለውም ወደሚል ፍርድ ሳያስበው ያዘነብላል። የባሌ ደጋ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲፈረድበት ከኖሩት አገሮች አንዱ ነው። ስለ ጎባና ስለ ሮቤ፥ ስለ ዲንሾና ስለ ሰነቴ አምባ የተጻፈው ቢሰበሰብ፥ አብዛኛው ስለ ዘመቻ፥ ስለ ግብርና ስለ አመፅ የሚናገር ሆኖ ይገኛል። የሕዝቡ የዕለት ኑሮ፥ የጓሮው አትክልትና የማጀቱ ሥራ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ስፍራ አላገኘም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ትንሽ ተክል እንደ ምስክር ሆኖ እንዲቆም እናደርጋለን። ይኸውም ሽንኩርት ነው፤ በተለይም ነጭ ሽንኩርትና በልማድ የሐበሻ ሽንኩርት የሚባለው ትንሹ ቀይ ሽንኩርት ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያ ተወላጆች አይደሉም። የዱር ዘመዶቻቸው እስከ ዛሬ ድረስ የሚበቅሉት በመካከለኛው እስያ ከፍተኛ ተራሮች ነው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሌላ ከፍተኛ ተራራ፥ ወደ ባሌ፥ መድረሳቸው የሰውን እጅና የሰውን መንገድ የሚያሳይ ነገር ስለ ሆነ፥ የታሪክ ተመራማሪ ሊያልፈው አይገባም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

፪ የሽንኩርት የትውልድ አገር

የዕፅዋት ሊቃውንት አሊዩም ብለው የሚጠሩት ወገን ከ900 በላይ የሆኑ ዐይነቶች አሉት። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የሚበቅሉት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ባለው የዓለም ክፍል ሲሆን፥ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ጀምሮ እስከ መካከለኛው እስያ ባለው ደረቅና ተራራማ አገር በይበልጥ ይገኛሉ። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ዓ.ም. ቀዩን ሽንኩርት አሊዩም ሴፓ፥ ነጩን ሽንኩርት አሊዩም ሳቲቩም ብሎ ሰየማቸው። እርሱ የሰየማቸው ግን በእርሻ የሚገኙትን ነው፤ በዱር የሚበቅሉት ዘመዶቻቸው የተለዩት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

በ1875 ዓ.ም. የቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ የዕፅዋት ሊቅ ሬግል ከቱርኪስታን ከተሰበሰቡት ዕፅዋት መካከል አንዱን አሊዩም ሎንጊኩስፒስ ብሎ መዘገበ። ይህ የዱር ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርት ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ፥ ብዙዎች ሊቃውንት ቅድመ አያቱ ነው ሲሉ፥ ሌሎች ደግሞ አንድ ዐይነት ናቸው እስከ ማለት ደርሰዋል። በፓሚርና በአላይ ተራሮች የሚበቅለው አሊዩም ኦሻኒኒ፥ እንዲሁም በቱርክሜኒስታንና በኢራን ወሰን በኮፔት ዳግ ተራሮች የሚገኘው አሊዩም ቫቪሎቪ ለቀይ ሽንኩርት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ቀይ ሽንኩርት ራሱ በዱር ሲበቅል የታየበት ስፍራ የለም፤ የትውልድ አገሩ የሚታወቀው በእነዚህ ዘመዶቹ ነው።

እነዚህ ተክሎች የሚኖሩበት አገር ጠባይ ስለ ራሳቸው ጠባይ ብዙ ይነግረናል። በእነዚያ ተራሮች ክረምቱ በረዶ፥ ጸደዩ አጭር፥ በጋው ደረቅ ነው። ስለዚህ ተክሉ በረዶው ቀልጦ ምድር ርጥበት ባላት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አድጎ፥ ምግቡንና ውሃውን ከመሬት በታች በራሱ ውስጥ ያከማቻል፤ ቅጠሉ በድርቅ ቢደርቅም ራሱ ተኝቶ ይቈያል። የሚያቃጥለው ሽታውም ከጠላት የሚጠበቅበት መሣሪያ ነው። ራሱ ሳይነካ ምንም አይሸትም፤ በተቈረጠ ወይም በተወቀጠ ጊዜ ግን ተለያይተው የነበሩት ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የተባለውን ሽታ ይወልዳሉ። ይህ ነገር በቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው በ1944 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሰው ልጅ ከሽንኩርት የወደዳቸው ሁለቱ ነገሮች፥ ሳይበላሽ መቈየቱና ሽታው፥ ሁለቱም የተራራ ኑሮ ያስገኛቸው ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ለእኛ የቀረበ ነገር አለ። አሊዩም ቫቪሎቪ የተባለው የዱር ሽንኩርት በስሙ የተሰየመለት የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከ1926 መጨረሻ እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ ወደ አገራችን መጥቶ፥ በሐረር፥ በአዲስ አበባ፥ በአንኮበርና በጎንደር በኩል እስከ አሥመራ እየተጓዘ የእህል ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም የሰብሎች ምንጭ ከሆኑት ጥቂት የዓለም አገሮች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል፤ የነጭና የቀይ ሽንኩርትን ምንጭ ግን በመካከለኛው እስያ አስቀምጦታል። መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስላልዞረ ባሌን አላየም። በኋላም በአገሩ መንግሥት ተይዞ በ1943 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ሁለቱን ተራራማ አገሮች፥ ሽንኩርት የወጣበትንና ሽንኩርት የደረሰበትን፥ በአንድ አእምሮ ያገናኘ ሰው እርሱ ነበር ለማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ራሷም የሽንኩርት ወገን የሆኑ የዱር ተክሎች አሏት። ከ1837 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ የሞተው ጀርመናዊው ሺምፐር ከሰበሰባቸው ዕፅዋት መካከል፥ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በመጽሐፉ አሊዩም ስፓታሴውም እና አሊዩም አሊቢሌ ብሎ የመዘገባቸው ይገኛሉ። ሁለተኛው ስም በላቲን «የሚመግብ» ማለት ነው። እነዚህ ግን በጓሮ የሚተከለው ሽንኩርት አባቶች አይደሉም። የዚህ ወገን የዱር ተክሎች ወደ ደቡብ የሚደርሱበት ጠርዝ ላይ የቀሩ ናቸው። ስለዚህ የጓሮው ሽንኩርት ከአገር ውስጥ ዱር ወጥቶ የለመደ ነው ለማለት አይቻልም።

፫ ዘር የሌለው ተክል እንደ ታሪክ ማስረጃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ነጭ ሽንኩርት ዘር የለውም። በእርሻ በቈየበት ረጅም ዘመን ገበሬ ራሱ ወፍራም የሆነውን እየመረጠ በመትከሉ፥ ተክሉ አብቦ ዘር የመስጠትን ኀይል አጥቷል። ዘር ሊሰጡ የሚችሉ ነጭ ሽንኩርቶች በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የተገኙት ተመራማሪዎች ወደ መካከለኛው እስያ፥ ወደ ቲያን ሻን ተራሮች አካባቢ፥ ሄደው በፈለጉ ጊዜ ነው። በቀረው ዓለም ሁሉ ነጭ ሽንኩርት የሚባዛው ከራሱ ተፈልቅቆ በሚተከለው ፍልቃቂ ብቻ ነው። የሐበሻ ሽንኩርትም ዘር ሊይዝ ቢችልም፥ በአገራችን ገበሬ ዘንድ በብዛት የሚተከለው ራሱ ነው። አማርኛችንም ይህን ልዩነት ጠብቆ ይዟል፤ ጤፍና ገብስ ይዘራሉ፥ ነጭ ሽንኩርት ግን ይተከላል እንጂ አይዘራም።

ከዚህ ነገር ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅሙ ሦስት ፍርዶች ይወጣሉ።

አንደኛ፥ ነጭ ሽንኩርት በነፋስ፥ በወፍ ወይም በጎርፍ ከአገር ወደ አገር ሊሻገር አይችልም። በአንድ ጓሮ ከተገኘ፥ አምጥቶ የተከለው ሰው አለ ማለት ነው። ያም ሰው ከሌላ ሰው ተቀብሏል፤ ሰንሰለቱም ሳይበጠስ እስከ እስያ ተራሮች ይደርሳል። በሮቤ ገበያ የሚሸጠው አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት በሥጋው በቲያን ሻን ከነበረው ተክል አልተለየም፤ ልጁ ከመሆን ይልቅ ቍራጩ ነው ቢባል ይቀላል።

ሁለተኛ፥ ይህ ሰንሰለት የአንድ ዓመት ዕረፍት እንኳ አይፈቅድም። ገብስ በጐተራ ብዙ ዓመት ቈይቶ ሊዘራ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ግን ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ወራት ቈይቶ ወይ ይበቅላል ወይ ይደርቃል። ስለዚህ በጦርነት፥ በረኀብ ወይም በስደት ምክንያት አንድ ዓመት ሳይተከል ከቀረ፥ ያ ወገን ከዚያ ስፍራ ጠፍቷል። ከጠፋ በኋላ እንደገና ከተገኘ፥ ከጎረቤት ተለምኖ ወይም ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ነው።

ሦስተኛ፥ የሚተከለው ነገር ራሱ የሚበላው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከመብሉ ቀንሶ ለመትከያ ያስቀመጠ ሰው አለ። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጓሮው ባለቤት የሆነችው ሴት ናት። በክፉ ዘመንም ቢሆን ጥቂት ራስ ሳትነካ ማስቀመጧ፥ ዜና መዋዕል የማይመዘግበው፥ ነገር ግን ውጤቱ እስከ ዛሬ ድረስ የሚታይ ሥራ ነው።

በሌላ አገር የሽንኩርት ጥንታዊነት በጽሑፍና በመቃብር ይታወቃል። በመስጴጦምያ በክርስቶስ ልደት በፊት በ1700 ዓመት ገደማ በሸክላ ላይ የተጻፉት የወጥ ቤት መመሪያዎች የሽንኩርት ወገኖችን ይጠቅሳሉ። ሄሮዶቱስ በግብፅ ፒራሚድ ላይ ለሠራተኞች ስለ ተሰጠው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ወጪ የተጻፈ ነገር እንዳለ ተነግሮት ጽፏል። በ1922 ዓ.ም. በተከፈተው በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም ነጭ ሽንኩርት ተገኝቷል። ስለዚህ ተክሉ ከእስያ ተራሮች ወርዶ በዓባይ ወንዝ ዳር ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት መድረሱ የተረጋገጠ ነው። ከግብፅና ከዓረብ አገር ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው መንገድ ደግሞ፥ በቀይ ባሕርም ሆነ በዘይላ በኩል፥ ለዕጣንና ለወርቅ ክፍት በነበረበት ዘመን ሁሉ ለሽንኩርትም ክፍት ነበር።

፬ የመጽሐፍ ስምና የገበያ ስም

የተክል ስም የተክሉን መንገድ ይከተላል። ስለዚህ በቋንቋዎቻችን ውስጥ ያሉትን ስሞች ማነጻጸር ይገባል።

በግዕዝ በጸልና ሶመት የሚባሉ ሁለት ስሞች አሉ፤ የመጀመሪያው ቀይ ሽንኩርት፥ ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት ነው። በዓረብኛ በሰልና ሡም፥ በዕብራይስጥ በጻልና ሹም ከሚባሉት ጋር አንድ ሥር እንዳላቸው ግልጽ ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ሽንኩርት መመኘታቸውን የሚናገረው የኦሪት ዘኍልቍ ታሪክ ለማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የታወቀ ስለ ሆነ፥ እነዚህ ስሞች በሊቃውንት ዘንድ ምንጊዜም አልተረሱም። ነገር ግን ከመጽሐፍ ወጥተው ወደ ገበያ አልወረዱም። የገበያውን ስም ያወረሰው ስጕርድ የሚለው ሌላው የግዕዝ ቃል ነው። የትግርኛው ሽጉርቲና የአማርኛው ሽንኩርት ከዚሁ ጋር ዝምድና አላቸው።

በባሌ የሚነገረው ኦሮምኛ ግን ከዚህ የተለየ ቃል ይዟል፤ ቁሉቢ ይለዋል። በሐረርጌ ያለው ታዋቂው የቁሉቢ ስፍራም ከዚህ ቃል ጋር አንድ ስም አለው። ቃሉ ሌላ ቢሆንም አከፋፈሉ አንድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በአማርኛ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንላለን፤ በትግርኛ ቀይሕ ሽጉርቲና ጻዕዳ ሽጉርቲ ይባላል፤ በኦሮምኛም ቁሉቢ ዲማና ቁሉቢ አዲ ይባላል፤ ዲማ ቀይ፥ አዲ ነጭ ማለት ነውና። ዓረቡ፥ ዕብራዊውና የግዕዝ ተርጓሚው ለሁለቱ ተክሎች ሁለት ስም ሲሰጡ፥ የኢትዮጵያ ደገኞች ግን ሴማዊም ሆነ ኩሻዊ ቋንቋ ይናገሩ አንድ ስም ሰጥተው በቀለም ለይተዋቸዋል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቃሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አልተላለፈም፤ የተላለፈው አስተሳሰቡ ነው። አስተሳሰብ ያለ ቃል የሚተላለፈው ደግሞ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ፥ ሁለቱን ተክሎች እንደ አንድ ቤተ ሰብ ሲያዩ በኖሩ ጊዜ ነው። ስለዚህ የስሙ አሠራር፥ ደገኛው ሁሉ ከሃይማኖትና ከቋንቋ ልዩነት ባሻገር በአንድ የገበያና የጓሮ ባህል ለረጅም ጊዜ እንደ ተገናኘ የሚያመለክት ነው።

ስሙ ወደ ዱርም ተዘርግቷል። ለመብል የማይሆኑትን፥ ቅርጻቸው ግን ሽንኩርት የሚመስለውን የዱር ተክሎች ሕዝቡ የጅብ ሽንኩርት ይላቸዋል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና በባሌ ተራሮች ረጅም ብርቱካንማና ቢጫ አበባውን አንሥቶ የሚታየው ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ፥ በአንዳንድ ስፍራ አሸንዳ፥ በሌላ ስፍራ ደግሞ የጅብ ሽንኩርት ይባላል፤ ሥሩም ለሆድ ቍርጠት መድኀኒትነት ያገለግላል። ሰው የተከለው የሰው ነው፤ ዱር ያበቀለው የጅብ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት በአበባ ብዛትና በቅጠል ቅርጽ የሚለዩትን ሕዝቡ በባለቤትነት ይለየዋል። ይህ አከፋፈል ለእኛ ጥናት ጠቃሚ ነው፤ የጓሮው ሽንኩርት ዱር የማያውቀው፥ የሰው ንብረት የሆነ ተክል መሆኑን ሕዝቡ አስቀድሞ እንደ ተገነዘበ ያሳያልና።

፭ የባሌ ደጋና ነዋሪዎቹ

ሽንኩርቱ የደረሰበት አገር ባዶ አልነበረም። በ2019 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፥ በባሌ ተራሮች ላይ ከባሕር ወለል በ3,469 ሜትር ከፍታ በሚገኘው በፊንጫ ሐበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረዋል፤ በዚያው ተራራ የሚገኘውን ትልቁን የፍልፈል ወገን እየያዙ በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር። በዓለም ላይ በዚህ ከፍታ የሰው መኖሪያነት ከታወቀባቸው ስፍራዎች ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ተራራ የአውሬ ብቻ ነው የሚለው አሳብ በዚህ ግኝት ፈርሷል።

በመካከለኛው ዘመን ባሌ ከዘይላ ወደብ ጋር በንግድ ከተገናኙት የእስላም መንግሥታት አንዷ ነበረች። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዓረባዊው አል ዑመሪ ከሰባቱ መንግሥታት እንደ አንዷ አድርጎ ጠቅሷታል። ንጉሥ ዐምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 ዓ.ም. በነገሠበት ዘመን ባሌ የግዛቱ ገባር ሆነች። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት ያዛት። በ1593 ዓ.ም. የጻፈው አባ ባሕርይ እንደሚተርከው ደግሞ፥ ሜልባ የተባለው የሉባ ትውልድ ወደ ባሌ የዘመተው በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የሼክ ሑሴን መካነ መቃብር ያለበት ዲሬም ከሩቅ አገር ሁሉ ተሳላሚ የሚጐርፍበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ነጋዴ፥ ወታደርና ተሳላሚ በሚመላለሱበት አገር፥ በከረጢት ተይዞ የሚጓዝና ለጥቂት ወራት ሳይበላሽ የሚቈይ ስንቅ ሥር ሳይሰድ ይቀራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

አንዳንድ ሰዎች ሽንኩርትንና ወጥን ወደ ባሌ ያመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው የሸዋ ሠራዊት ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ይዟል። ነፍጠኛው የሽንኩርትን ፍላጎት እጅግ እንዳበዛው አያጠራጥርም። ነገር ግን ሠራዊቱ ከመድረሱ በፊት ተክሉ አይታወቅም ነበር ቢባል፥ ኦሮምኛው ቃሉን ከአማርኛ በተዋሰ ነበር። በርበሬን፥ ድንችንና ሌሎች አዲስ ነገሮችን የተከተሉት ስሞች ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገሩ እናያለን። ቁሉቢ የሚለው ቃል ግን ከሽንኩርት የመጣ አይደለም። ይህ ከአማርኛው የተለየ ስም፥ ትውውቁም ከሠራዊቱ የተለየና ከእርሱ የቀደመ መሆኑን ይመሰክራል።

የአርሲ ኦሮሞ ኑሮ በዋናው በከብት ላይ የተመሠረተ ነበር። ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዐት ከብቶች እንደ ወቅቱ ከቈላማው ስፍራ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ፥ ከዚያም ወደ ታች ይመላለሱ ነበር፤ ሆራ በሚባለው የማዕድን ውሃም ይጠጡ ነበር። ተንቀሳቃሽ ኑሮና የተተከለ ነገር ይቃረናሉ ሊባል ይችላል። ነገር ግን የጎዳንቱ ሥርዐት ቤቱን ሁሉ ነቅሎ የሚሄድ አይደለም፤ እረኛው ከከብቱ ጋር ሲወጣ በመንደር የሚቀር ሰው አለ። በቤቱ አጠገብ ያለው፥ በከብት ፍግ የለማው መሬት ለሽንኩርት የተመቸ ነው። ስለዚህ ከብት ጠባቂነት የጓሮውን አትክልት አልከለከለም፤ ማዳበሪያውን ሰጠው እንጂ።

የአየሩም ነገር መጠናት አለበት። በመካከለኛው እስያ ሽንኩርት ራሱን የሚያወፍርበትን ጊዜ የሚያውቀው በክረምቱ ብርድና በቀኑ መርዘም ነው፤ በዚያ በበጋና በክረምት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ባሌ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ በረዷማ ክረምትም የለም። ሮቤ 2,490፥ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፥ ወቅት የነፈጋቸውን ብርድ ከፍታ ሰጥቷቸዋል። ነጭ ሽንኩርት በአገራችን ደጋ ደጋውን መርጦ የሚኖረው ስለዚህ ነው። የባሌ ገበሬም በዓመት ሁለት የሰብል ወቅት አለው፤ ገና የሚባለው በመጋቢት አካባቢ ይጀምራል፥ ቦና የሚባለው ደግሞ ከሐምሌ ወዲህ ይከተላል። ለመትከያ የሚቀመጠው ራስ ከመድረቁ በፊት ወደ መሬት እንዲመለስ ይህ የሁለት ወቅት ሥርዐት ይረዳል።

፮ ጎባ፥ ሮቤና ማጀቱ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጎባ የሠራዊት ሰፈር፥ ከዚያም የአስተዳደር ከተማ ሆነች። በ1960 ዓ.ም. ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት በሆነች ጊዜ ዋና ከተማዋ ጎባ ነበረች፤ ሮቤ የዞኑ ዋና ከተማ የሆነችው በኋላ ነው። ወታደሩ፥ ጸሓፊው፥ ቄሱና ነጋዴው በአንድ ከተማ ሲሰበሰቡ የወጥ ቤቱ ሥርዐት አብሮ መጣ። የወጥ መሠረቱ ቍሌት ነው፤ ተከትፎ ለረጅም ጊዜ በእሳት የሚንተከተከው ሽንኩርት ከሌለ ወጥ አይሠራም። በጾምም ይሁን በፍስክ፥ የሽሮውም የዶሮውም መነሻ አንድ ነው። የበርበሬው ድልህና የቅቤው ማንጠሪያ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትን ይጠይቃሉ።

የአርሲ ማጀት ግን በገብስ፥ በወተትና በቅቤ የታወቀ ነው፤ ጩኮና ገንፎ የዚህ ማጀት ክብር ናቸው። በእነዚህ ምግቦች ሽንኩርት እንደ ወጥ የመሠረት ድንጋይ አይደለም። እንግዲህ በጎባና በሮቤ ገበያ ሁለት የምግብ ሥርዐቶች ተገናኙ። የገጠሪቱ ሴት በጓሮዋ ያለውን ጥቂት ቁሉቢ ወደ ከተማ ይዛ ስትመጣ፥ ለቤቷ ከምትፈልገው ይልቅ ከተማው የሚፈልገው በለጠ፤ የመድኀኒትና የማጣፈጫ ጥቂት ተክል የነበረው የገንዘብ ተክል ሆነ። የሽንኩርቱ ታሪክ ከዚህ ላይ ከመሬት ግብርና ከጭሰኝነት ታሪክ ጋር ይገናኛል። በእህሉ ላይ ባለ መሬቱ ድርሻ ሲቈጥር፥ ከጓሮ የሚገኘው ትንሽ ገንዘብ በአብዛኛው በሴቲቱ እጅ ይቀር ነበር።

የመድኀኒትነቱ ነገር ሁለቱንም ወገን አንድ ያደርጋል። ለጕንፋን፥ ለሆድ ሕመምና ለወባ ነጭ ሽንኩርትን ከማር ወይም ከፌጦ ጋር መውሰድ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የታወቀ ነው። ከጤና አዳምና ከፌጦ ጋር ሆኖ ለቡዳ መከላከያነት መያዙም እንዲሁ ነው። ሽታው በዱር ከአውሬ የጠበቀውን ተክል፥ ሰው ደግሞ ከማይታይ ጠላት እንዲጠብቀው መያዙ የአሳቡን አካሄድ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ታሪክ በሰላም አላለፈም። ከ1963 እስከ 1970 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ መሪነት የታወቀው የባሌ አመፅ አገሩን አናወጠ። በ1975 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ መጣ። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ከተደረገው የሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ደግሞ በባሌ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከተበታተነ መኖሪያው ተነሥቶ በመንደር ተሰበሰበ። ቀደም ብለን ያልነውን ሁለተኛውን ፍርድ ከዚህ ላይ ብናስታውስ፥ የነገሩ ክብደት ይታያል። አንድ ቤተ ሰብ በተከላ ወራት ከጓሮው ከተነሣ፥ በዚያ ጓሮ የነበረው ወገን የሚተርፈው ሰው በጓዙ ውስጥ ጥቂት ራስ ከጨመረበት ብቻ ነው። በባሌ መንደሮች ዛሬም የአካባቢ ነጭ ሽንኩርት መኖሩ፥ ከእነዚያ ጓዞች በአንዳንዶቹ ውስጥ ሽንኩርት እንደ ነበረ የሚያስረዳ ነው።

፯ በዘመናችን ያለው አደጋ

አሁን ይህን ሕያው ሰነድ የሚያሰጉ ነገሮች መጥተዋል። የመጀመሪያው ከዘር የሚበቅለው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዐይነት፥ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ በሚባሉት ስሞች በስምጥ ሸለቆ መስኖዎች ተስፋፍቶ፥ የሐበሻ ሽንኩርትን ከብዙ ገበያ አስለቅቋል። ትልቅ ስለ ሆነ ለመላጥ ይቀላል፥ ምርቱም ብዙ ነው፤ ገበሬው ስለ መረጠው ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ከራስ ወደ ራስ ሲተላለፍ የነበረው ወገን አንድ ጊዜ ከተተወ አይመለስም።

ሁለተኛው በሽታ ነው። ዘር የሌለው ተክል ሁሉ በጠባዩ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ፥ አንዱን የጐዳው ሁሉንም ይጐዳል። በቫይረስ የተያዘ ራስ በሽታውን ለሚቀጥለው ተክል ያወርሳል። የነጭ ሽንኩርት ዋግ በባሌ ደጋ ምርትን እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ነጭ አበስብስ የሚባለው የሥር በሽታ ደግሞ በመሬት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቈይ ይችላል። ሰንሰለቱ ለታሪክ ተመራማሪ ያለው ጥቅም፥ ለገበሬው የድካም ምንጭ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው የስንዴ መስፋፋት ነው። የሮቤና የሲናና ሜዳ የአገሪቱ የስንዴ ጐተራ ሆኗል፤ በ1986 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲናና የእርሻ ምርምር ማእከልም በይበልጥ በእህል ሥራው ይታወቃል። በትራክተርና በኮምባይነር ዘመን የጓሮው ጠርዝ እየጠበበ መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

በአዲስ አበባ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማከማቻ ለስንዴ፥ ለገብስና ለጤፍ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። የእህል ዘር ደርቆ በብርድ ቤት ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላልና። ነጭ ሽንኩርት ግን በዚህ መንገድ አይቀመጥም፤ በየዓመቱ መተከል አለበት። ስለዚህ የዚህ ተክል እውነተኛ ግምጃ ቤት የገበሬው ጓሮ ነው፤ ግምጃ ቤት ጠባቂዎቹም ደመወዝ የማይከፈላቸው እናቶች ናቸው።

፰ መደምደሚያ

ከላይ የተመለከተው ሁሉ ወደ አንድ አሳብ ያደርሰናል። በባሌ ደጋ የሚገኘው ነጭ ሽንኩርት የሰው እጅ ብቻ ሊያደርሰው የሚችል ተክል ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር የጽሑፍ ማስረጃ ባልተገኘበት ዘመን ሁሉ የመሬት እንክብካቤ፥ የጎረቤት ልግስናና የገበያ ግንኙነት እንደ ነበረ ያስረዳል። ስሙ ደገኞች በቋንቋ ሳይወሰኑ አንድ አሳብ መካፈላቸውን ያሳያል። መኖሩ ደግሞ በጦርነትና በስደት ዘመን ያልተበጠሰ ጥንቃቄ መኖሩን ያስረዳል። ተክሉ ከእስያ የመጣበትን ዓመት አይነግረንም፤ ከእርሱ ይህን መጠየቅም አይገባም። የሚነግረን ስለ ቀጣይነት ነው፤ ስለ ቀጣይነት ደግሞ ዜና መዋዕል ከሚነግረን በላይ ይናገራል።

ስለዚህ በዚህ መስክ ሊሠሩ ለሚነሡ ተማሪዎች አንድ ሥራ እንጠቁማለን። በሮቤ፥ በጎባ፥ በዲንሾ፥ በአጋርፋና በአዳባ ባሉ መንደሮች፥ ሽንኩርት ያላትን እናት ሁሉ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ራስ ማን ሰጠሽ? ከሰፈር ወደ ሰፈር ስትዛወሪ ይዘሽው ሄደሻል ወይ? ለማንስ ሰጠሽ? የመልሶቹ ስብስብ የጋብቻን፥ የጉርብትናንና የስደትን ካርታ ይሠራል። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። የመጀመሪያውን ራስ ከእናታቸው የተቀበሉት ሴቶች አርጅተዋል፤ ልጆቻቸውም ሽንኩርታቸውን ከመደብር መግዛት ጀምረዋል። ብራና ቢቃጠል ቅጂው በሌላ ገዳም ሊገኝ ይችላል፤ የአንድ መንደር ሽንኩርት ግን በአንድ የተከላ ወራት ቸልታ ከነታሪኩ ይጠፋል።